ግሪንስቴድ፦ በግንድ የቆመችው ቤተ ክርስቲያንና በ845 የተነሳው ክርክር

ይህን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሱ 31 ደርሷል። መሃል ላይ የገቡ ሰዎች ነገሩ ከየት እንደተነሳ እየጠፋባቸው ስለሆነ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተባለውን በራሴ አነጋገር ልተርከው። የማንንም ጽሑፍ እንዳለ አልገለብጥም። እኔ የተሳሳትኩትንም አልዘልለውም። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

መነሻው እንዲህ ነበር። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ቅዳሜ ጠዋት ከለንደን በሴንትራል መስመር ባቡር ኤፒንግ ድረስ ሄድን። ኤፒንግ የመስመሩ መጨረሻ ነው። ከዚያ ኤሴክስ ዌይ የሚባለውን የእግር መንገድ ይዘን በእርሻና በጫካ መሃል አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዝን። ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። ግሪንስቴድ የምትባለው የእንግሊዝ መንደር ስንደርስ መጀመሪያ ያየነው ከዛፎቹ መሃል ብቅ ያለውን ነጭ የደወል ማማ ነው። ቀረብ ስንል ግን ማማውን ረሳነው። የቅዱስ እንድርያስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ቋሚ ግንድ ነው። ለሁለት የተሰነጠቀ የኦክ ግንድ ጎን ለጎን ተደርድሮ ቆሟል። ክቡ ጎን ወደ ውጭ፣ ጠፍጣፋው ጎን ወደ ውስጥ ነው። እንጨቱ ጠቁሯል፣ ተሰነጣጥቋል። እጄን ሳሳርፍበት እንደ ድንጋይ ቀዘቀዘኝ።

ማታ ቤት ገብቼ ፎቶዎቹን ለጠፍኩና ከስር ጻፍኩ። ይህች በዓለም ላይ ካሉት የእንጨት አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ አንጋፋዋ ናት፣ የተሠራችውም በ845 ነው አልኩ። ቁጥሩን ያገኘሁት ከአሮጌ የጉዞ መጽሐፍ ነው። ከዚያ ጥያቄዬን አስከተልኩ። እንጨት በዝናብ አገር ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ እንዴት ይቆማል?

መልስ 1 እና 2 ምስጋና ነበሩ። የመጀመሪያው እንዴት እንደሚሄድ ጠየቀ። ሁለተኛዋ በፎቶው ላይ ያለው የዛፍ ጥላ ልጅ ሆና ከእናቷ ጋር ኪዳን የምታደርስበትን የገጠር ደብር እንዳስታወሳት ጻፈች። ጥዱና ወይራው ከሩቅ ይታይ ነበር። በበጋ በዙሪያው ያለው ሁሉ ሲደርቅ፣ ቅጥሩ ውስጥ ብቻ አረንጓዴ ነበር። ይህን ያነበበ ሁሉ ወደደላት።

መልስ 3 ላይ አየሩ ተቀየረ። የጻፈው ሰው ሰላምታም አላስቀደመም። 845 ስሕተት እንደሆነ፣ ስሕተቱ ከተነገረ ደግሞ ብዙ ዓመት እንዳለፈው፣ ሳያጣሩ መለጠፍ ሰውን ማሳሳት እንደሆነ ጻፈ። ፊቴ ቀላ። ቀጥሎ ያመጣው ማስረጃ ግን የሚካድ አልነበረም። በ1960 እንጨቱ በውስጡ ባሉት የዕድሜ ቀለበቶች ቆጠራ ሲመረመር 845 የሚል ዓመት ወጣ። መጻሕፍቱም ተቀብለው ያንን አተሙ። በ1995 ግን ምርመራው እንደገና ተደረገ። በግንዶቹ ላይ የተገኘው የመጨረሻ ቀለበት የ1053 ሆነ። ከውጭ ተጠርቦ የወጣ እንጨት ስላለ ደግሞ ከ10 እስከ 55 ዓመት ይጨመርበታል። ስለዚህ ዛፎቹ የተቆረጡት ከ1063 በፊት ሊሆን አይችልም፤ ከ1108 ወዲህም አያልፍም።

በአንድ ቀን ውስጥ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ከእጄ ወደቀ። ደስ አላለኝም፣ ልዋሽ አልችልም።

መልስ 4 ለእኔ የተቆረቆረ ወንድም ነበር። የቅዱስ ኤድመንድን ታሪክ አመጣ። ኤድመንድ የምሥራቅ አንግሊያ ንጉሥ ነበር፤ ዴንማርኮች በ869 ገደሉት። በ1010 ዐፅሙን ከወራሪዎች ለማዳን ወደ ለንደን ወሰዱት። በ1013 ወደ ቦታው ሲመልሱት በኦንጋር አቅራቢያ ባለች የእንጨት ቤተ ጸሎት እንዳሳረፉት ተጽፏል። ኦንጋር ከግሪንስቴድ አፍንጫ ሥር ያለ ከተማ ነው። እንግዲህ ዐፅሙ በ1013 እዚያ ካደረ፣ ግድግዳው ከ1063 ወዲህ ነው ማለት እንዴት ይሆናል? ጥያቄው ጥሩ ነበር። ብዙ ሰው ላይክ አደረገለት።

መልስ 5 መለሰለት፣ በትሕትና። በ1960 የመቅደሱ ወለል ሲቆፈር ከስሩ የሁለት ሌሎች የእንጨት ሕንፃዎች ዱካ ተገኝቷል። ሁለቱም ከስድስተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወይም ከሰባተኛው መጀመሪያ እንደሆኑ ይገመታል። ይህ ማለት ቦታው ከዛሬዎቹ ግንዶች ብዙ ይቀድማል። ዐፅሙ ያረፈባት ቤት ከእነዚህ ግንዶች በፊት እዚያው ቆማ የነበረች ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ሁለቱ ታሪኮች አይጣሉም። ቦታውን ከግድግዳው መለየት ነው። ይህ መልስ ለእኔ የክሩ ቁልፍ ሆነ። እስከዚያ ድረስ ቤተ ክርስቲያን ስል ሕንፃውን ብቻ ነበር የማስበው።

መልስ 6 አጭር ነበር። ዛፍ ዕድሜውን በቀለበት ይናገራል ሲባል ሰምታለች፣ ነገር ግን ከተቆረጠ ዘጠኝ መቶ ዓመት ያለፈው ግንድ የተቆረጠበትን ዓመት እንዴት ይናገራል?

መልስ 7 እስካሁን በዚህ መድረክ ላይ ካነበብኳቸው ሁሉ ምርጡ ነው። የጻፈው አናጢ ነው። አዲስ አበባ ሠርቷል፣ አሁን ማንችስተር አሮጌ ቤት ያድሳል። እንዲህ አስረዳ። ዛፍ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ይጨምራል። ዓመቱ ከጠቀመው ቀለበቱ ሰፊ፣ ካልጠቀመው ጠባብ ይሆናል። ባንድ አካባቢ ያሉ ኦኮች ሁሉ ያንኑ አየር ስለሚቀምሱ የቀለበታቸው አወራረድ ይመሳሰላል፤ ሰፊ፣ ጠባብ፣ ጠባብ፣ ሰፊ። ዛሬ ከሚቆረጥ ዛፍ ተነስተህ ወደ ኋላ፣ ከአሮጌ ቤት ምሰሶ፣ ከዚያም ከበለጠ አሮጌ ምሰሶ ጋር እያገጣጠምክ ብትሄድ ረጅም መዝገብ ይወጣሃል። ከዚያ ያልታወቀውን እንጨት መዝገቡ ላይ እያንሸራተትክ የሚገጥምበትን ቦታ ትፈልጋለህ። በ1960 ሥራው ገና ጀማሪ ነበር፣ መዝገቡም አጭር። በ1995 ግን መዝገቡ ረዝሞ ነበር።

ከ10 እስከ 55 የሚባለውንም እሱ ነው ያብራራው። ኦክ ከቅርፊቱ ቀጥሎ ነጣ ያለ፣ ለስላሳ እንጨት አለው። ነቀዝ የሚወደው እሱን ነው። ስለዚህ የድሮ አናጢዎች ጠርበው ይጥሉታል። አብሮት የመጨረሻዎቹ ዓመታት ቀለበት ይጣላል። ስንት እንደተጣለ በእርግጠኝነት አይታወቅም፣ ኦክ ግን በአብዛኛው በዚያ ልክ ውስጥ ነው ነጩን እንጨት የሚይዘው።

ቀጥሎ ስለ አገጣጠሙ ጻፈ። ይህን ሳነብ ፎቶዎቼን እንደገና ከፍቼ አጉልቼ አየሁ። እያንዳንዱ ግንድ በሁለቱም ጠርዙ ከላይ እስከ ታች ጠባብ ቦይ ተቆፍሮለታል። ሁለት ግንድ ጎን ለጎን ሲቆም ሁለቱ ቦዮች ፊት ለፊት ይገናኛሉ። በመካከላቸው ቀጭን የኦክ ሳንቃ ይሰካል። ዛሬ አናጢ አንዱን ጠርዝ ወንዴ (የሚሰካ ምላስ)፣ ሌላውን ሴቴ (ተቀባይ ቦይ) ያደርጋል። እነሱ ግን ሁለቱንም ሴቴ አድርገው ወንዴውን ለብቻው ሠሩት። ግንዱ ሲደርቅ ቢኮማተር እንኳ ሳንቃው ክፍተቱን ይዘጋል፣ ነፋስና ዝናብ አያስገባም። በውስጠኛው ጠፍጣፋ ፊት ላይ ደግሞ የመጥረቢያው ምት እስከ ዛሬ ይታያል። አናጢው ፎቶዬ ላይ የምቱን አቅጣጫ አይቶ ጠራቢው ከላይ ወደ ታች እንደሠራ ገመተ። ግምት መሆኑንም ራሱ ተናግሯል።

መልስ 8 ከዚህ ተነስቶ የእኛን ጭቃ ቤት አመጣ። እኛም ቋሚ እንጨት እናቆማለን፣ ማገር እናስራለን፣ ጭቃ እንመርጋለን። ታዲያ የእኛው ለምን በሠላሳ፣ በአርባ ዓመት ያዘነብላል? መልስ 9 ባጭሩ ጨረሰው። የእንጨት ጠላት እግሩ ነው። መሬት የነካው ጫፍ እርጥበት ይጠጣል፣ ምስጥም የሚገባው በዚያ ነው። እንግሊዝ ውስጥ የእኛ ዓይነት ምስጥ የለም፣ እርጥበቱ ግን አለ።

መልስ 10 ይህን እንደ በር ተጠቅሞ ገባ። ክሩም እዚህ ላይ ጋለ። የግሪንስቴድ ግንዶች እግርም በስብሶ ነበር። ከ1848 እስከ 1849 በተደረገው እድሳት የበሰበሰው ጫፍ ተቆርጦ ተጣለ። ግንዶቹ በአዲስ የኦክ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፣ ከአግዳሚውም ስር የጡብ መደብ ተሠራ። ስለዚህ እኔ ያየሁት ግድግዳ ከመጀመሪያው ያጠረ ነው። ጸሐፊው በዚህ አላበቃም። መቅደሱ የተሠራው በ1500 አካባቢ በጡብ ነው። ከጣራው ላይ ብቅ ያሉት መስኮቶች ከዚያው ዘመን ወዲህ የመጡ ናቸው። ደወሉ ላይ የተጻፈው 1618 ነው። ጣራው ተቀይሯል። እንግዲህ አሮጌ የምትሉት የቱን ነው? አሮጌ ነው የሚባለው ስሙ ብቻ እንደሆነ ጻፈ። ቃሉ ጠንካራ ነበር።

መልስ 11 ተናደደ። አያቱ ጉልበቷን በቀዶ ጥገና ብታስቀይር አያቱ መሆኗ ቀረ ወይ ሲል ጠየቀ። መልስ 12 ይህ ንጽጽር ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም አለው። ሦስት አራት መልስ በዚህ ተመላለሱ። እኔም በመልስ 14 ገባሁ። ያልኩት ይህን ነው። 51 ግንዶች ቆመው አሉ። እግራቸው ተቆርጧል፣ ወገባቸውና ራሳቸው ግን ያው ነው። የጠረባቸው ሰው የመጥረቢያ ምት ላያቸው ላይ አለ። የ1848 ሰዎች ባይቆርጧቸው ኖሮ መበስበሱ ወደ ላይ ይወጣ ነበር፣ ዛሬ የምንከራከርበት ግድግዳም አይኖርም። መልስ 10ን የጻፈው ሰው ይህን ነጥብ ተቀበለ። መጽሐፎቹ ግን የተቀየረውንም በግልጽ ይጻፉ አለ። ይህ ደግሞ ትክክል ነው።

ከዚያ አንጋፋነቱ ተነሳ። መልስ 15 የጃፓኑን ሆርዩጂ ጠቀሰች። የቡድሃ ቤተ መቅደስ ነው። እንጨቱ ከግሪንስቴድ ብዙ መቶ ዓመት ይቀድማል፣ ሕንፃውም ዛሬ ድረስ ቆሞ አለ። ስለዚህ በዓለም አንጋፋ የእንጨት ሕንፃ ማለት አይቻልም። ቤተ ክርስቲያን ብቻ ካልን ጥያቄው ይጠባል። መልስ 16 የኖርዌይን አብያተ ክርስቲያናት አመጣ። ኡርኔስ በ1130 አካባቢ ነው የተሠራችው፣ ስለዚህ ግሪንስቴድ ትቀድማታለች። አሠራራቸውም ይለያል። ኖርዌጂያኖቹ በአራቱ ማዕዘን ወፍራም ምሰሶ አቁመው በመካከሉ ሳንቃ ይሞላሉ። ግሪንስቴድ ላይ ግን ግድግዳው ራሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ግንድ ነው፣ እንደ አጥር። ሩሲያ ኪዥ ደሴት ላይ ያለችው የ1714 ቤተ ክርስቲያን፣ 22 ጉልላት ያላት፣ ግንዶቿ በአግድም ተጋድመው ጫፋቸው የተቆላለፈ ነው። ፊንላንድ ፔታያቬሲ ያለችው ከ1763 እስከ 1765 የተሠራችው ቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ። ሁሉም የእንጨት ናቸው፣ ጥበባቸው ግን ሦስት ዓይነት ነው።

መልስ 17 ደብረ ዳሞን ጠራ። ይህን ስጠብቀው ነበር። አቡነ አረጋዊ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን እንደመሠረቱት የሚነገርለት ገዳም እያለን ለእንግሊዝ መንደር ምን አስጨነቀን ብሎ ተቆጣ። መልስ 18 ረጋ አድርጎ መለሰ። የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ድንጋይና እንጨት ተፈራርቆ የተነባበረበት ነው፤ የእንጨት ጫፎቹ ከግድግዳው ወጥተው ይታያሉ። አክሱማዊ አሠራር ነው፣ ታላቅ ነው። ሕንፃው ደግሞ በ1940ዎቹ መጨረሻ ታድሷል። ነገር ግን ግድግዳው ሙሉ በሙሉ እንጨት አይደለም፣ ስለዚህ ከግሪንስቴድ ጋር በአንድ ሚዛን አይገባም። ለብቻው ክር ይገባዋል። አሁን ተከፍቶለታል፣ ሄዳችሁ አንብቡት። እኔ እንደሚመስለኝ አንዱን ለማክበር ሌላውን ማውረድ አያስፈልግም። ለራሴም ግሪንስቴድን በአውሮፓ ቆመው ካሉት የእንጨት ሕንፃዎች ከጥንታውያኑ አንዷ ብዬ መጥራቱ ይበቃኛል።

መልስ 19 ላይ አንዲት ነርስ እህት አዲስ ነገር ይዛ መጣች። በሰሜኑ ግድግዳ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለ። ለብዙ ዘመን የለምጻሞች መስኮት ይባል ነበር። የሥጋ ደዌ ያለባቸው ሰዎች ውጭ ቆመው በዚያ ቀዳዳ ቅዳሴውን ያዩ ነበር፣ ካህኑም በዚያ ይባርካቸው ነበር ይባላል። እሷ ታሪኩን በጣም እንደነካት ጻፈች፤ አገር ቤት በሥጋ ደዌ ሆስፒታል ሠርታለችና። መልስ 20 አስተካከላት። አሁን ሰዎች የሚያምኑት ቀዳዳው ምናልባት የጸበል ማስቀመጫ እንደነበር ነው። ከበር አጠገብ ነበር፤ የሚገባ ሰው እጁን ነክሮ የሚያማትብበት። እህታችን ቅር አላላትም። መልስ 21 ላይ የጻፈችው አጭር ናት። ጸበልም ቢሆን ያው በሽተኛ ይዳሰስበታል አለች።

ከዚህ በኋላ ክሩ ከመንገድ ወጣ። መውጣቱን ግን ወደድኩት።

መልስ 22 ለንደን አውቶቡስ የሚነዳ፣ በሠራተኛ ማኅበር ውስጥ ያለ ሰው ነው። በግሪንስቴድ ስላለፉት የቶልፑድል ሰዎች ማንም ለምን አላነሳም ሲል ጠየቀ። ነገሩ እንዲህ ነው። በ1833 በዶርሴት አውራጃ፣ ቶልፑድል በምትባል መንደር፣ ስድስት የእርሻ ሠራተኞች ማኅበር አቋቋሙ። የሳምንት ደመወዛቸው እየወረደ 7 ሽልንግ ደርሶ ነበር፣ ወደ 6 ሊወርድ ነበር። ማኅበር ማቋቋም ወንጀል አልነበረም። ስለዚህ በምሥጢር መሐላ ከሰሷቸው። በ1834 ሰባት ዓመት ወደ አውስትራሊያ ግዞት ተፈረደባቸው። ሕዝቡ ለንደን ላይ በብዛት ወጥቶ ተቃወመ። በ1836 ምሕረት ተደረገላቸው። ሲመለሱ ሕዝብ ባዋጣው ገንዘብ እርሻ ተከራዩላቸው፤ አምስቱ ኤሴክስ መጡ፣ አንደኛው እርሻ እዚሁ ግሪንስቴድ ነው። የደብሩ ካህን አልወደዷቸውም፣ በስብከትም ተቃወሟቸው። ሆኖም ከእነሱ አንዱ፣ ጄምስ ብራይን፣ የጓደኛውን የቶማስ ስታንድፊልድን ልጅ ኤልሳቤጥን በ1839 ያገባው በዚህችው የግንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው።

ይህን ሳነብ የሆነ ነገር ገባኝ። የቆምኩበት ወለል ላይ ከግዞት የተመለሰ ሰው ሙሽራ ሆኖ ቆሞ ነበር። እነዚያው ግንዶች አይተውታል። ያን ጊዜ ገና እግራቸው አልተቆረጠም።

መልስ 23 መጀመሪያ ግራ አጋባን። ለንደን እንደሚኖርና መቃብራቸው ከቤቱ ብዙ እንደማይርቅ ጻፈ። ሰው ሁሉ የት ለንደን እያለ ጠየቀው። በመልስ 24 ገለጠው። ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ያለችው ለንደን ናት። አምስቱ የቶልፑድል ሰዎች በ1840ዎቹ ወደዚያ ተሰደዱ። ከእነሱ አንዱ፣ ጆርጅ ላቭለስ፣ ሲሎአም በሚባለው መካነ መቃብር ተቀብሯል። ስድስተኛው፣ ጄምስ ሃሜት፣ ብቻውን ወደ ቶልፑድል ተመለሰ። ወንድማችን ለአሥራ አንድ ዓመት በዚያ መንገድ እየነዳ ሲያልፍ ማን እንደተቀበረ አያውቅም ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ሄዶ አየው። ፎቶውን ለጥፏል። ከበስተኋላ በረዶ ይታያል።

መልስ 25 ደግሞ ወደ ኤድመንድ መለሰን። ንጉሡን ሲገድሉት ራሱን ቆርጠው ጫካ ውስጥ ጣሉት። ወገኖቹ ፍለጋ ሲወጡ ተኩላ ራሱን በእግሮቹ መሃል አድርጎ ሲጠብቅ አገኙት ይባላል። በግሪንስቴድ የጣራው አግዳሚ ላይ ይህ ተኩላ ተቀርጿል። እኔ ስሄድ ቀና ብዬ አላየሁትም ነበር። እንደገና የምሄድበት አንድ ምክንያት ይኸው ነው።

መልስ 26 እና 27ን ሳልጠቅስ ማለፍ እችል ነበር፣ ግን ቃል ገብቻለሁ። አንድ ሰው ኦርቶዶክሳዊ ሆኖ በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ገብቶ መደነቅ ተገቢ እንዳልሆነ ጻፈ። ሌላው በስድብ መለሰለት። ሁለት ጽሑፍ ተሰረዘ። አወያዩ ስለ እምነት ሳይሆን ስለ ሕንፃ እንደምንወያይ አስታወሰ። እኔ የገባሁት ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ነው፣ ልማድ ሆኖብኝ። በዕድሜ የገፉ እንግሊዛዊት ውስጥ አበባ ያስተካክሉ ነበር። ጫማዬን አይተው ምንም አላሉኝም። ወደ ግድግዳው ወስደው በጣታቸው የመጥረቢያውን ምት አሳዩኝ።

መልስ 28 መጀመሪያ ወደተጠየቀው ተመለሰ፣ እንዴት ይደረሳል ወደሚለው። ድሮ ባቡሩ ኦንጋር ድረስ ይሄድ ነበር፣ ያ መስመር በ1994 ተዘጋ። አሁን ከኤፒንግ በእግር ወይም በመኪና ነው። በክረምት ቦት ጫማ ያስፈልጋል። መልስ 29 ውሃ ይዛችሁ ሂዱ አለ፣ ሌላ የለውም።

መልስ 30 የመጣው መልስ 3ን ከጻፈው ሰው ነው። ያኔ ያለ ሰላምታ የገባው። በዚህ ጊዜ ሰላምታ አስቀደመ። የመጀመሪያው አነጋገሩ ደረቅ እንደነበር ጻፈ። አባቱ የታሪክ መምህር እንደነበሩና የተሳሳተ ዓመት ሰሌዳ ላይ አይተው ዝም ብለው አልፈው እንደማያውቁ ነገረን። አንድ ነገርም ጠየቀኝ። የመጀመሪያው ጽሑፌ ላይ ያለውን 845 አንባቢ እንዳይሳሳት ላስተካክለው። አስተካክዬዋለሁ። አሮጌውን ቁጥር ግን አላጠፋሁትም፣ መስመር አሰመርኩበትና አጠገቡ ከ1063 እስከ 1108 ብዬ ጻፍኩ። ከየት ተነስተን እዚህ እንደደረስን ይታይ።

መልስ 31 ትናንት ማታ ገባ። መልስ 2ን የጻፈችው እህት ናት። ልጇን ይዛ ሄዳ ነበር። ልጁ ሰባት ዓመቱ ነው። 51 ግንድ አለ ወይ የለም ብሎ በውጭ በኩል እየዞረ ቆጠረ። ማማው ጋ ሲደርስ ጠፋበት። እንደገና ከበሩ ጀመረ። ዝናብ እየጣለ ነበር። እናቱ ዛፍ ስር ቆማ ጠበቀችው።